ፎቶ የሌለው ጥሪ

የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ አነሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ «አንቺ ደግሞ የአጭበርባሪ ሁሉ አድማጭ ነሽ» ይሉኛል። ይበሉ። ይህን ጠባይ ያስያዘኝ አንድ ሰው ነው፤ የሱን መርዶም የሰማሁት በዚሁ ጠባዬ ነው።

ደብረ ብርሃን ገበያ መሀል ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከውጭ አገር የሚደወል ረጅም ቁጥር ነው። አነሳሁት።

«የኩታበሯ?» አለች አንዲት ሴት።

በዚህ ስም የሚጠራኝ ከመካነ ሰላም ሰው በቀር የለም፤ ስሙንም ያወጣልኝ ሙሄ ነው።

«ራህመት ነኝ፣ የእማ ፋጤ ልጅ። እማዬ መናገር አቅቷት አንቺ ንገሪያት ብላኝ ነው። ሙሄ . . . ሱብሒ ሰግዶ ጋደም አለ። አልተነሳም።»

ሻጯ «ልመዝነው?» ትለኛለች። ምን እንዳልኳት አላውቅም። ሽንኩርቱን እዚያው ትቼ ሄድኩ።

ሙሄ ማለት ሙሐመድ ነው። እኛ ወሎ ውስጥ ሙሐመዱን ሁሉ ሙሄ ነው የምንለው፤ ለኔ ግን ሙሄ አንድ ነው። መካነ ሰላም በሚገኝ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር አብረን አስተምረናል። እኔ ከኩታበር ተመድቤ ስሄድ እሱ የዚያው የወሎ ቦረና ልጅ ነውና እዚያው በአገሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን በኪሱ በሚይዛት ማበጠሪያ በየደቂቃው የሚያበጥር፣ ሰዓት የሚባል ነገር የማያውቅ፣ ሳይጠራ የሰው ምሳ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ነበር። ሪፖርቱን በጊዜው ያስረከበበት ወር ትዝ አይለኝም። ግን ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር አልግባባ ያለው ተማሪ ሁሉ ከመምህራኑ መሀል የሚፈልገው እሱን ነበር።

በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ስልክ ወደኛ አገር የሚገባው ብዙውን ከዓረብ አገር በሚመለሱ ልጆች ሻንጣ ነው። ተማሪዎቻችንም የእህታቸውን ስልክ ይዘው እየመጡ አፕ መሥራት እንማር ይሉናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አፕ የሚሠራበት ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል፣ ስልኩ በገመድ ይሰካል፣ ፕሮግራሙ ስልኩን ካየው የሠራነውን ይጭንበታል። ካላየው «ምንም ስልክ አልተገኘም» ብሎ ቁጭ ይላል። ስልኩ እዚያው ፊቱ ተሰክቶ፣ ቻርጅ እያደረገ፣ የለም ይላል! ያን ዐረፍተ ነገር የጻፈው ፈረንጅ ስንቱን ተማሪ እንዳስለቀሰ አያውቅም።

ሙሄ ይህን ፕሮግራም «ሰውዬው» ነበር የሚለው። «ሰውዬው ዛሬም አላየንም» ይላል። ሲለማመጠው ደግሞ ያከብረዋል፤ «እባክዎ ጌታው፣ እዚህ ጋ ነን፤ አንዴ ይዩን እንጂ።» ተናዶ ላፕቶፑን ድርግም አድርጎ የዘጋበትን ቀን አስታውሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከፈተውና «አፉ በለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ተማሪዎቹ በሳቅ ሞቱ።

ቦርሳው ውስጥ ከመጽሐፍ ይልቅ ገመድ ይበዛል። ገበያ ላይ ከሚሸጠው ገመድ ብዙው ቻርጅ ከማድረግ በቀር ሌላ ነገር አያስተላልፍም፤ ሲያዩት ግን ሁሉም አንድ ነው። ሙሄ እያንዳንዱን እየሞከረ፣ ከልብስ ሰፊዎች በለመነው ክር ምልክት ያስርበታል። አረንጓዴው የሚሠራ፣ ቀዩ ቻርጅ ብቻ። ከሰው የተዋሰውን ገመድ እንኳ ክር አስሮበት ነው የሚመልሰው፤ ያውም ከመለሰ። እኔ ጋ ዛሬም ድረስ አረንጓዴ ክር ያለው አንድ ገመድ አለ።

ደግሞ አንድ ደንብ ነበረው፤ ስልክን ከባለቤቱ እጅ አይወስድም። እኛ ሌሎቻችን ተማሪ ስልክ ይዞ ሲመጣ «አምጣው እስቲ» ብለን መቀበል ነው። ሙሄ ግን ባለቤቱን አጠገቡ ያስቀምጥና ሰላምታ ይጀምራል። አፊያ ነህ? እናትህ አፊያ ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡስ በናንተ በኩል እንዴት ነው? የቦረና ሰላምታ ደግሞ ከተጀመረ መቼ ያልቅና!

«ኧረ ሙሄ፣ ስልኩን እይለት፤ ሰርግ ነው እንዴ የጠራህ?» እለዋለሁ።

«አብሽሪ የኩታበሯ» ይለኛል፤ አይዞሽ ማለቱ ነው። «ስልክ ብቻውን አይበላሽም። ከሰው ጋር ሆኖ ነው የሚበላሸው።»

እኔ ይህን ሰነፍ ሰው ሥራ ለማዘግየት የሚፈጥረው ፍልስፍና አድርጌ ነበር የምቆጥረው።

ሙሄ የሚኖረው እማ ፋጤ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነበር። እማ ፋጤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ራህመት ከምትባል አንዲት ልጅ በቀር ዘመድ የሌላቸው ሴት ናቸው። ራህመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ከዚያ ለምትመለስ ልጅ አስይዛ ስልክ ልካላቸዋለች፤ ያ ስልክ ከእጃቸው አይለይም። ሲሄዱ በእጃቸው፣ ሲተኙ ትራስ ሥር ነው። ዱአ ሲደረግ ሰው ሁሉ ሁለት መዳፉን ሲዘረጋ እሳቸው አንዱን ብቻ ይዘረጋሉ፤ በሌላው ስልኩን ጨብጠዋል። ሙሄ እንደ እናቱ አንቺ ነው የሚላቸው፤ እኔ አልደፍርም።

«እማ፣ ግማሽ ዱአ ነው እኮ የምታደርጊልን» ይላቸዋል።

«ራህመት ብትደውልስ?»

«ዱአው እስኪያልቅ መሬት ብታስቀምጪው ምን ይልሻል?»

«ወላሂ አላስቀምጠውም!»

ሙሄ ያን አፕ መሥራት የጀመረው በእሳቸው ምክንያት ነው። እማ ፋጤ በልጅነታቸው ቁርኣን ስለተማሩ የዓረብኛውን ፊደል እየለቀሙ ያነባሉ፤ የአማርኛውን ግን አያውቁም። እንደሳቸው ላሉ እናቶች ስልኩ ላይ የልጆቻቸው ፎቶ ትልልቅ ሆኖ ይደረደራል። እናት የልጇን ፊት ስትነካ ይደወላል፤ ልጅ ሲደውልም ፊቱ ስክሪኑን ይሞላል። ከሁሉ የሚኮራባት ግን አንዲት ነገር ነበረች። ፎቶ የሌለው ቁጥር ከደወለ አፑ ራሱ ይዘጋዋል፤ እናትየዋ መደወሉንም አትሰማ። ምክንያቱም በዚያ ሰሞን እየደወሉ «ልጅሽ ታስራለች፣ ቶሎ ብር ላኪ» የሚሉ አታላዮች እናቶችን ያስጨንቁ ነበር። «ይቺ የእናቶች ዘብ ናት» ይላል ጢሙን እያበጠረ። ክረምቱን በሙሉ የደከመው በዚች ዘብ ላይ ነው።

አፑ እኔ ስልክ ላይም እሱ ስልክ ላይም ይሠራል። እማ ፋጤ ስልክ ላይ ግን በብሉቱዝ ልከንላቸው ገና ሲከፈት ጥፍት አለ። ለምን እንደሚጠፋ ለማወቅ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ ማገናኘት ያስፈልጋል። ስንሰካው ደግሞ ሰውዬው አላየንም።

ነገሩ ጨዋታ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን ራህመት ድምጿ ከጠፋ ከርሟል። ጁምዓ ጁምዓ ሳትደውል የማትቀር ልጅ ዝም አለች፤ እሳቸው ሲደውሉ ስልኳ ዝግ ነው። እማ ፋጤ ዓይናችን እያየ ከሱ። ሙሄ «እማ፣ ስልኩ ነው የተበላሸው እንጂ ራህመት ደህና ናት፤ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ቃል ገባላቸው። ያን ቃል ሲገባ ክፉኛ ተናደድኩበት፤ ስልኩ ደህና ሆኖ ልጅቱ ብትሆንስ የተጎዳችው?

ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። ላፕቶፑ ዱካ ላይ ይቀመጣል፤ እማ ፋጤ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ከማዶ ይቀመጣሉ። ሙሄ ሴቲንጉን እንኳ ያስተካከለው እሳቸው እንደያዙት በጣቱ እየነካ ነው። አረንጓዴ ክር ያለውን ገመድ ሁሉ ሞከርን። ድራይቨር የሚሉትን አገናኝ ፕሮግራም ጫንን፣ አጠፋን፣ እንደገና ጫንን። ላፕቶፕ ቀየርን። ምንም የለም። እኔ ትዕግሥቴ አለቀና «አንዴ ተቀብለሃቸው ራስህ ብታየው ምናለ!» አልኩት። «ልጇን በእጇ ይዛ እኮ ነው» አለኝ፤ ተቆጥቶኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን ገመዱን ለኔ ሰጠኝና እሱ ዞሮ ሄዶ እማ ፋጤ አጠገብ ተቀመጠ። «አንቺ ስኪው፤ እኔ ዛሬ ሰውዬውን አላይም፤ እማን ነው የማየው» አለኝ።

ሰካሁት። የእማ ፋጤ አውራ ጣት ስክሪኑን ነካ አድርጋ ተመለሰች፤ ዝንብ እሽ እንደማለት።

«እማ፣ አሁን ምን ነካሽ?»

«እኔ ምን ነካሁ! መጣ፣ መለስኩት።»

«ምኑ ነው የመጣው?»

«እሱ ነዋ፣ ገመዱን በሰካችሁ ቁጥር የሚመጣው። ዓረብኛ ነው። ኢልጋእ የምትለዋን ስነካት ይሄዳል። ራህመት ናት ያስተማረችኝ፤ እማ፣ የማታውቂው ነገር ከመጣብሽ ኢልጋእን ንኪ ብላኛለች።»

እኔና ሙሄ ተያየን። ስልክ ከማያውቀው ኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ «ልፍቀድለት ወይ?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቃል። የኛ ስልኮች ከዱሮ ጀምሮ «ሁልጊዜ ፍቀድ» ስለተባሉ ጥያቄው መኖሩን ረስተነዋል። ኢልጋእ ደግሞ ሰርዝ ማለት ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ እኛ ላፕቶፑ ላይ አፍጥጠን ስንሟገት፣ እማ ፋጤ ከማዶ ተቀምጠው የኛን ሰውዬ በትጋት ሲያባርሩት ከርመዋል! ሳቅ ገደለን። እሳቸውም ምኑ እንዳሳቀን ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

ሳቁን መጀመሪያ ያቆመው ሙሄ ነው።

«እማ፣ ሌላስ ምን ትመልሻለሽ?»

«ሌላማ ጥሪውን ነዋ፤ ፎቶ የሌለውን። የኔ ፎቶ ካልመጣ እንዳታነሺ ብላኛለች፤ ሌባ አለ ብላ።»

«እንዴት ያለ ጥሪ ነው?»

«ቁጥር ብቻ ነው። ረጅም። ከፊቱ መስቀል አለበት።» ወደኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ፤ «ያንቺ ወገን ሳይሆን አይቀርም የኩታበሯ።»

መስቀል ያሉት የመደመር ምልክቷን ነው። ከውጭ አገር ሲደወል ከቁጥሩ ፊት የምትቀመጠዋን። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ።

«ብዙ ጊዜ ይመጣል?» አለ ሙሄ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ኧረ ምን ትላለህ! ከሰዓት፣ የዐስር ሶላት ሊሰገድ ሲል ይመጣል። ቀዩን እነካዋለሁ። ድርቅናው ደግሞ፣ በነጋታው ተመልሶ ይመጣል።»

ሙሄ ማበጠሪያውን ኪሱ ከተተ። «እማ፣ ራህመት በሌላ ሰው ስልክ እየደወለች ቢሆንስ?»

«የሷ ከሆነ ፎቶዋ ይመጣላ!»

«ፎቶው የቁጥሩ ነው እማ። በሌላ ቁጥር ከደወለች አይመጣም።»

«በሉ አሁኑኑ እንደውልበት» አልኩና ተነሳሁ። እማ ፋጤ ገመዱን ከስልኩ ላይ ነቅለው፣ ስልኩን ደረታቸው ውስጥ ከተቱና በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አይሆንም።»

«ለምን እማማ? ልጅዎ ብትሆንስ?»

«እዚያ ማዶ ያለችው ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ጥሪ አንስታ ነው የልጇን መርዶ የሰማችው። ዓረቡ ነው የነገራት፣ በዓረብኛ። አይቻታለሁ እኮ፤ ስልኩን እንደያዘች ነው የወደቀችው።» «እኔ ካላነሳሁት ልጄ አለች።»

ለካ ሲመልሱ የከረሙት ሌባውን ብቻ አልነበረም። እንባዬ መጣ። ግን ደግሞ እጄም አላስችል አለኝ፤ ከደረታቸው ነጥቄ መደወል አማረኝ። ሙሄ ዓይኔን አይቶ ራሱን ነቀነቀብኝ።

«አብሽሪ እማ» አለ። «እኔም አልነካውም፤ የኩታበሯም አትነካውም። ስልኩ ያንቺ ነው። ብቻ ዐስር እስኪደርስ አብረንሽ እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። የሙሄ ሰላምታ ያን ቀን ጠቀመ። ስለ ራህመት ልጅነት ጠየቃቸው፣ ስለ ባላቸው፣ ስለ ድሮው ገበያ፣ እሳቸውም ቀስ በቀስ ስልኩን ከደረታቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ከመስጊዱ አዛን ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ቁጥር ብቻ። ከፊቱ መስቀል።

እማ ፋጤ ጣታቸውን ወደ ቀዩ ሰደዱና አየር ላይ ቀረች። ስልኩ ይጮኻል። ሙሄን ሳየው ሁለት እጁን ብብቱ ሥር ቀብሯል። የኔ ቢጤ ሆኖ ኖሯል ለካ! ሊነካው አጠገቡ ነው፤ አንድ ክንድ አይርቅም።

«የመጣው ምንም ይሁን፣ እዚሁ ነን» አለ።

እማ ፋጤ ቢስሚላህ ብለው አረንጓዴውን ነኩ።

«እማ?» አለ ቀጭን ድምፅ። «እማ፣ ለምን ትዘጊብኛለሽ? ከሰዎቹ ቤት በመውጣቴ ነው የተቆጣሽኝ? እማ አትዝጊው፣ በአላህ አትዝጊው!»

«ፎቶሽ የለም!» ብለው ጮኹ እማ ፋጤ። «ፎቶሽ የለማ ልጄ! ፎቶሽ የለም! ፎቶሽ የለም!»

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ራህመት በዚያ በኩል፣ እሳቸው በዚህ በኩል ሲንሰቀሰቁ አዛኑ ወጣ። በኋላ እንደሰማነው አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀው፣ ደመወዟን ከልክለው ሲያንገላቷት ወጥታ ከአገሯ ልጆች ጋር ተጠግታ ነበር። ጓደኛዋ ከሥራ ስትገባ ስልኳን እየተዋሰች ትደውላለች፤ እናቷ ይዘጉባታል። ራህመት እናቴ ኮንትራት በማፍረሴ ተቀይማ ከልጅነት ፋቀችኝ ብላ አምና ነበር። እናት ልጄ ሞታለች ብላ ትፈራለች፣ ልጅ እናቴ ጠላችኝ ብላ ታለቅሳለች። ሙሄ ተነስቶ ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር፤ ጢሙን ግን አላበጠረም።

ሲረጋጉ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። እማ ፋጤ ስክሪኑን አይተው «ይሄንንስ ልፍቀድለት?» አሉ። «ፍቀጂለት እማ» አለ ሙሄ። ሰውዬው አየን። የአፑ ችግር እፍኝ የማትሞላ ነገር ሆነች፤ የራህመት ፎቶ ለስልኩ አቅም ከልክ በላይ ትልቅ ነበር፣ አሳነስነው፣ አበቃ። ሙሄ ግን ደስ አላለውም። ላፕቶፑን ወደሱ ስቦ ያቺን ዘቡን፣ ፎቶ የሌለውን ጥሪ የምትዘጋዋን፣ መሰረዝ ጀመረ።

«ሰው ክረምቱን ሙሉ የለፋበትን እንዲህ ያደርጋል? የፈለገ ይከፍታታል፣ ያልፈለገ ይተዋታል፤ አስቀራት እንጂ» አልኩት።

«ይቺ እማ ስልክ ላይ በጊዜዋ ገብታ ቢሆን ኖሮ» አለኝ ሳያየኝ፣ «ራህመት ዕድሜዋን ሙሉ ስትደውል ትኖር ነበር፤ እማ መደወሏንም ሳትሰማ። እናትየዋ ትመልስ፣ እናትየዋ ትፍቀድ። እኔ ማን ነኝና ነው የምመልሰው?» ሰረዛት።

አፑ ስም አላወጣም። በየሰፈሩ እየዞረ፣ ባለቤቶቹን አጠገቡ እያስቀመጠ፣ ያን ረጅም ሰላምታውን እየተሳለመ የመካነ ሰላምና የዙሪያዋ እናቶች ስልክ ላይ ጫነው፤ አዲስ አበባ ማንም አልሰማውም። እኔ ተዛውሬ ወጣሁ። እሱ አልወጣም። ስደውልለት «የኩታበሯ! አንቺን ሰውዬው አየሽ ወይ?» ይለኛል፤ ሥራ ተሳካልሽ ወይ ማለቱ ነው።

መርዶው በደረሰኝ ማግሥት በደሴ፣ በአቀስታ አድርጌ መካነ ሰላም ገባሁ። ለቅሶው ገና አልተነሳም ነበር። ከሴቶቹ ወገን ሄጄ እማ ፋጤ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሽበታቸው በዝቷል፤ ስልኩ ያው እጃቸው ውስጥ ነው። ራህመት ዛሬም እዚያው ዓረብ አገር ናት፣ ደህና ቤት ገብታ። እማ ፋጤ ስክሪኑን አሳዩኝ። የራህመት ፎቶ፣ ከሥሩ ደግሞ ጢሙን ያበጠረው ሙሄ፤ ለሙከራ ብሎ ያስገባት የራሱ ፎቶ ናት። «ፊቱን ሳልነካው እውላለሁ፤ ሳልነካው አድራለሁ» አሉኝ።

ሽማግሌው ተነሱና ዱአ ጀመሩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው መዳፉን ዘረጋ። እማ ፋጤ ግን ስልኩን አዩት። ከዚያ እጄን ስበው መዳፌ ላይ አስቀመጡትና ጣቶቼን ዘጉበት። ያን ስልክ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከእጃቸው ሙቀት የተነሳ ይሞቃል።

«ያዢልኝ የኩታበሯ» አሉኝ። «ቢደወል አንሺው። ማንም ይሁን።»

ለሙሄም ሁለቱንም እጆቻቸውን ዘረጉለት።